የጥላ ኪራይ

ቤት ተከራይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው አከራይ መጨመሪያ ምክንያት እንደማያጣ ታውቃላችሁ። ፍሪጅ ብትገዙ ይጨምራል፤ ብትወፍሩም ይጨምራል። የኛ አከራይ ጋሽ ቶሎሳ ግን ከሁሉም ይለያሉ። እሳቸው ጥላ ሊያከራዩኝ ነበር።

የአዳማን ሙቀት ለምታውቁ ነገሩ ቀልድ አይደለም። እኩለ ቀን ላይ የቤታችን ቆርቆሮ እንደ ምጣድ ይግላል። ከግቢው ስድስት ክፍሎች ደጃፉ ላይ ዛፍ ያለው የኔ ብቻ ነው፤ አንዲት ኒም።

አንድ እሁድ ጠዋት ጋሽ ቶሎሳ ወንበራቸውን ይዘው መጡና ዛፏ ሥር ተቀመጡ።

"ልጄ፣ ይቺ እኮ መብራት የማይጠፋባት ቬንቲሌተር ናት። ከመጪው ወር አምስት መቶ ብር ትጨምሪያለሽ። ካልሆነም ክፍሉን የሚፈልግ ሞልቷል።"

አምስት መቶ ብር ከፋብሪካ ደሞዜ ላይ ከተነሳ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ገጠር መመለሴ ነው። እኔ ደግሞ ባጃጅ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት አፍሬ ከሰፈሬ አልፌ የምወርድ ሰው ነኝ። ያን ቀን ምን እንደነካኝ እንጃ።

"ጋሼ፣" አልኩ፣ "ጥላዋ እኔ ጋ የምትሆነው ጠዋት፣ ሥራ ስሄድ ነው። ከሰዓት እርስዎ በረንዳ ላይ ትውላለች። የምትጠጣው ደግሞ የኔን የልብስ እጣቢ ነው። ታዲያ እርስዎስ ስንት ይከፍሉኛል?"

ጋሽ ቶሎሳ ዛፏን አዩ፤ በረንዳቸውን አዩ፤ ወንበራቸውን አነሱ።

"ዝምተኛ መስለሽኝ እኮ ነው ያከራየሁሽ!"

ኪራዩ በነበረበት ቀረ። ዛፏንም አሁን ራሳቸው ያጠጧታል፤ የእጣቢ ሂሳብ እንዳልጠይቃቸው ፈርተው መሰለኝ።

በባጃጅ ስመጣ ግን ዛሬም ከሰፈሬ አልፌ እወርዳለሁ።