የሌሉኝ ከብቶች ጤንነት

ፀጉሩን አበጥሮ፣ ጫማውን አስጠርጎ መከራ ፍለጋ የሚሄድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እሄዳለሁ። ሰው ከልጅነት ችግሩ አምልጦ፣ ሆዱ ሞልቶ፣ ጣራው ማፍሰሱን ሲተው ትንሽ ችግር ያምረዋል። ትንሽ። ለራት ቤቱ የምትመልሰው ዓይነት።

የእኔ መከራ የሚገኘው ሮቤ ከተማ፣ ከዲር የሚባል ልጅ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው። ሁለት ኮምፒውተር ጎን ለጎን አስቀምጧል። የምንጫወተው ጌም እንዲህ ነው፤ ጫካ ውስጥ ትጣላላችሁ፣ እንጨት ትቆርጣላችሁ፣ ቤት ትሠራላችሁ፣ እሳት ታነዳላችሁ። ጉም ሲወርድ አውሬ ይመጣል። እሳቱ ሠላሳ ቀን ሳይጠፋ ከቆየ አሸነፋችሁ። ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ የሚባሉ ሰርቨሮች አሉ፤ ከየከተማው ሰው በኢንተርኔት ይገባባቸዋል። ከባዱ ላይ አንዴ የሞተ አይመለስም፤ ድካሙም አብሮት ይቀበራል። ከዲር ከከባዱ በቀር አይነካም።

«ጋሼ፣ ቀላሉ ላይ እኮ አውሬው ራሱ ያዝንልዎታል» ይላል።

ጉሙን ሳይ ግን ጌም መሆኑን እረሳለሁ። አውቀዋለሁ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ከሃረና ጫካ ቡና ተሸክሜ፣ የሳነቴን ተራራ አቋርጬ ወደ ጎባ ስሻገር ያገኘኝ ጉም ነው። ለምን ብቻዬን እንደነበርኩ ይቅር። የገዛ እግሬ አይታየኝም ነበር። ስዳብስ እጄ ግድግዳ ነካ፤ የከብት ጠባቂዎች ጎጆ። አንኳኳሁ።

«አካም ጅርታ? ነጋያ?» አለ ከውስጥ አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ፤ እንዴት ነህ፣ ሰላም ነህ ወይ ሲል። ሰላም ነኝ አልኩ። ቤተሰቤን ጠየቀ። ሰላም ናቸው አልኩ። «ሎን ነጋያ?» አለ፤ ከብቶችህስ ደህና ናቸው ማለቱ ነው። እኔ የዶሮ ላባ እንኳ አልነበረኝም። ጥርሴ እየተንገጫገጨ «ሁሉም ደህና ናቸው» አልኩት። በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ጉም የዳንኩት በሌሉኝ ከብቶች ጤንነት ነው።

ወደ ቅዳሜው ጌም ልመልሳችሁ። ከሠላሳው ቀን ሃያ ዘጠነኛው ላይ ነን። ሁለት ወር ሙሉ ቅዳሜያችንን የበላው ቤት ቆሟል፣ እሳቱ ይነዳል፣ የቀረን አንድ ቀን ነው። ከዲር ለእናቱ ሳይቀር አውርቷል። ጉሙ ወረደ። አንድ የማናውቀው ተጫዋች እየሮጠ መጥቶ የአጥሩን በር ደበደበ። ከኋላው አውሬዎቹ።

«ጋሼ፣ እንዳይከፍቱ! ተከትለውት ይገባሉ!»

ከዲር ልክ ነው። ከባዱ ሰርቨር ላይ ለማንም አይከፈትም። ያኔ በጆሮ ማዳመጫዬ የጎልማሳ ድምፅ መጣ፤ ያለከልካል።

«አካም ጅርታ? ነጋያ?»

በአውሬ እየተባረረ! ይሄ የእኛ አገር ሰው ነው አልኩ በልቤ፤ ከጎባም አይርቅ።

«ነጋያ» አልኩ። «አንተስ?»

«ጋሼ! ወይ ይክፈቱ ወይ ዝም ይበሉ!»

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ሰው ሰላም ሲላችሁ ዝም ትላላችሁ? ቤተሰቤን ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ቤተሰቡን ጠየቅሁት፣ መለሰ። ጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ሁለት ጥንድ ዓይን ነበር፣ ከዚያ ስድስት። ሰውየው ዞር ብሎ እንኳ አላየም። እንደደረሰ ብከፍትለት ገብቶ በሩ ይዘጋ ነበር። ጨክኜ ብተወው ደግሞ እኛ እንተርፍ ነበር። እኔ ሰላምታ አስቀድሜ፣ አውሬዎቹ ሲደርሱ ከፈትኩ።

አብረው ገቡ፤ ሦስታችንንም ጨረሱን። እሳቱ ጠፋ።

«ጋሼ፣ የገደለን አውሬ አይደለም» አለ ከዲር። «ሰላምታ ነው።» ማዳመጫውን አውልቆ ደንበኛ ሊያስተናግድ ወጣ።

እኔ አላወለቅኩም። በዚያ ጌም ሰው ሲሞት ስክሪኑ ነጭ ይሆናል፤ የሟቾች ድምፅ ግን እርስ በርሳቸው ይሰማል። መስኮቱ ላይ የሮቤ ጉም፣ ስክሪኑ ላይ የጌሙ፤ መካከላቸው እኔ። የቱ የት ላይ እንደሚያልቅ ጠፍቶኝ ተቀመጥኩ። ትከሻዬ ላይ ያ የቡና ጆንያ ያለ መሰለኝ።

ቆይቶ ከነጩ ውስጥ ያ ድምፅ፣ አሁን ሳያለከልክ፣ ካቆምንበት ቀጠለ።

«ሎን ነጋያ?»

ዛሬም አንዲት ጥጃ የለችኝም።

«ሁሉም ደህና ናቸው» አልኩት። «ያንተስ?»