አንገቷን የደፋች ልጅ

ቀና ብላ የሰው ዓይን የማታይ ሴት ልጅ በእኛ ዘንድ ምን እንደምትባል መቼም ታውቃላችሁ። «አንገቷን የደፋች ጨዋ» ትባላለች። እኔ ኦቲስቲክ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ግን በጨዋነቴ ስመሰገን ኖሬያለሁ። እናቴማ ስለ አስተዳደጌ ስንት ምርቃት ተቀብላለች!

ባለፈው ወር፣ ሰው ስለ ኦቲዝም ያለውን የተሳሳተ ግምት ላርም ብዬ ዘመቻ ጀመርኩ። ዘመቻው እኔ፣ አንድ ጠረጴዛና በራሪ ወረቀቶች ነበርን፤ ቦታው ለንደን፣ አርችዌይ ሰፈር ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን አዳራሽ። መጀመሪያ የመጡት እትዬ አስካለ «እኔም ኦቲስቲክ ነኝ» የሚለውን ወረቀቴን አንብበው ሳቁ።

«አንቺ? ወግጂ! አንቺማ ጨዋ ነሽ። ኦቲዝም አለበት ያሉንስ የልጄን ልጅ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ብልግና ነው፤ ሳናግረው ቀና ብሎ እንኳ አያየኝም። በቀደም ተቆጥቼ አስለቀስኩት።»

የዘመቻውን መሪ ላብ አጠመቃት። ቢሆንም ዝም ማለት አልቻልኩም።

«እትዬ፣ እኔስ መቼ ቀና ብዬ አይቼዎት አውቃለሁ?» አልኩ፣ ጠረጴዛውን እያየሁ።

ሳቃቸው ቆመ። ወንበር ስበው ከጎኔ ተቀመጡ፤ እሳቸውም እንደ እኔ ጠረጴዛውን እያዩ፣ ቀስ ብለው፣

«እስቲ ንገሪኝ፤ ምን ብዬ ልታረቀው?» አሉኝ።