መኪና የሚያዳምጡት እትዬ ለተጊዮርጊስ

ሜልበርን ውስጥ መኪና ያለው ሐበሻ ሁሉ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሊፍት ሲሰጥ በምስጋና ፈንታ የመኪናውን በሽታ የሚነግረው አንድ ሰው አያጣም። ለጉዲና የደረሱት ክብርት እትዬ ለተጊዮርጊስ ናቸው።

እትዬ መንጃ ፈቃድ የላቸውም፤ መሪ ጨብጠውም አያውቁም። ይህ ግን አላገዳቸውም። የአስራትን መኪና «ታቃስታለች» ብለው አስራት አንድ ወር ሙሉ በባቡር ተመላልሷል። የዶርቃን አዲስ መኪና «ታጉረመርማለች» ካሏት ወዲህ ዶርቃ ከቤተ ክርስቲያን የምትወጣው በጓሮ በር ነው።

ጉዲና በመኪናው ሰው እያመላለሰ ነው የሚኖረው። በቅርቡ መኪናዋ በቆመች ቁጥር መንዘፍዘፍ አመጣች። ሜካኒኩ «ካምቢዮዋ አልቆላታል፤ ሽጣት» ብሎታል። እትዬን ከቅዳሴ ወደ ቤታቸው በሚወስድበት በዚያ እሑድ ምክር የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም።

ሬስኮርስ ሮድ ላይ ቀይ መብራት ያዛቸው።

«ቆይ፣ ልስማት!» እትዬ መዳፋቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ዘረጉ። «እስቲ ኒውትራል አድርጋት።»

አደረገ። መንዘፍዘፉ ቀነሰ።

«መልሳት።»

መለሰ። መሪው እጁ ላይ ተንቀጠቀጠ።

«ማውንቷ ነው፤ ሞተሩን የሚሸከመው ጎማ። ውስጡ ፈሳሽ አለ፣ ንዝረቱን የሚውጠው እሱ ነው። ፈሷል።»

«ሜካኒኩ እኮ ካምቢዮ ነው አለኝ፣ እትዬ።»

«ሜካኒኩ ማውንት ሞልቶ ያውቃል?»

«እርስዎስ ሞልተው ያውቃሉ?»

«አሥራ አንድ ዓመት» አሉ፣ ቦርሳቸውን እያስተካከሉ። «የመኪና ዕቃ ፋብሪካው እስኪዘጋ።»

ጉዲና እቤቱ ደርሶ ኮፈኑን ሲከፍት፣ ማውንቱ ሥር ጥቁር ፈሳሽ ወርዶ ደርቋል። በማግስቱ ሌላ ጋራዥ አስቀየረው። መኪናዋ ፀጥ አለች፤ መሸጧም ቀረ።

በሚቀጥለው እሑድ ተሽቀዳድሞ በር ከፈተላቸው። እትዬ ግን ሰፈራቸው ሴንት አልባንስ እስኪደርሱ ቃል አልወጣቸውም። ጉዲና ቅር አለው።

«ምነው ዝም አሉ?»

«ልጠይቅህ ፈልጌ አፍሬ ነው። ማውንቱ መኪና ውስጥ የት ጋ ነው የሚቀመጠው? እኛ ሞልተን፣ አሽገን፣ በካርቶን ነው የምንሸኘው። ሥራ ላይ ሆኖ አይቼው አላውቅም።»

ጉዲና ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና አሳያቸው። እትዬ ጎንበስ አሉ፤ እሱ የነጠላቸውን ጫፍ ቤልቱ እንዳይስበው ያዘላቸው።

«እየው! ሞተሩ እንዲህ እየተንቀጠቀጠ፣ ሥሩ ያለው ብረት ምንም አልሰማም!» ፊታቸው በራ። «ደግሞ ይኼኛው ምን ይሠራል?»

ጉዲና አያውቅም ነበር። ስልኩ ለሥራ ጠራ። በአንድ እጁ ዘጋውና፣ ነጠላውን እንደያዘ አጠገባቸው ጎንበስ አለ።