ምች የመታኝ ዕለት

አፍ ማጣመም ቀላል ሥራ ይመስላችኋል? እስቲ መስታወት ፊት ሞክሩት። እኔ ደብረ ማርቆስ፣ የምሠራበት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሰው ፊት ሞክሬዋለሁ።

የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ዶክተራችን ከጥበቃ እስከ ነርስ ሰብስባ ስለ ስትሮክ አሠለጠነችን። የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ጥቂት ሰዓት ካለፈ የሚከፍተው መድኃኒትም አይሰጥም አለች። ለልምምድ በሽተኛ ሲፈለግ እኔ ተገኘሁ። አፌን ወደ አንድ ጎን ጥዬ፣ አንድ እጄን አላልቼ አልጋ ላይ ተጋደምኩ። ነገር ማብዛት እወዳለሁና ለሀጭም ጨመርኩበት። ነርሶቹ ሳቁ።

ይኼኔ ከሮብ ገበያ ከተማ እህታቸውን ሊጠይቁ የመጡ አንዲት እናት ሰዉን ገፍተው ደረሱ። እማማ ጥሩዬ ይባላሉ። ምች የመታው ሰው ላይ ይሳቃል ወይ ብለው ተቆጡ። ከነጠላቸው ጫፍ ዳማከሴ ፈትተው፣ በመዳፋቸው አሽተው አፍንጫዬ ውስጥ ጠቀጠቁት። እንባዬ ፈሰሰ።

«አይዞህ ልጄ» አሉኝ። «ባለቤቴንም አሁን አሸሁት። እንዳንተው አፉ ተጣሞ ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር አስቀምጬው መጣሁ።»

ሳቁ ቆመ። ዶክተሯ መቼ እንደጀመራቸው ጠየቀች። አሁን፣ ከመኪና ስንወርድ አሉ። ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው ለካ እውነት ነው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ዛሬም አወራዋለሁ። እኔን ከአልጋው አውርደው ጣሉኝና አልጋውን ይዘው ወደ ዛፉ ሮጡ፤ ባልየውን ጭነው ተመለሱ። ጥበቃው መንገድ ያስለቅቃል። አንዷ ነርስ ደም ትቀዳለች። የሲቲ ስካኑ በር ሳይደርሱ ተከፍቶ ይጠብቃል። የጮኸ የለም። ትናንት በሻይ ወረፋ ሲጨቃጨቁ የነበሩ ሰዎች የአንድ ሰው እጅና እግር ሆኑ። እነዚህ የኔ ባልደረቦች ናቸው? እማማ ጥሩዬ ግድግዳ ተደግፈው እመብርሃንን ይጠራሉ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ፈራሁ፣ ደግሞ ተደነቅሁ። አፌን ማቅናት ረስቼ ነበር።

መድኃኒቱ በሰዓቱ ተሰጥቷቸው አመሻሽ ላይ ባልየው አፋቸውን ፈቱ። «ጥሩዬ፣ በቅሎዋን ማን አበላት?» አሉ። እማማ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

ለቀጠሮ ሲመለሱ ጎረቤት አስከትለው መጡ። እማማ ዶክተሯን መርቀው ወደኔ ዞሩ።

«ዳማከሴ የምትንቁ፣ ይኼን ልጅ እዩት። ለሀጩ ሲዝረበረብ ያሸሁት እኔ ነኝ።»

ላስረዳ አፌን ስከፍት ዶክተሯ እግሬን ረገጠችኝ። እማማ ቀጠሉ። ዳማከሴ ቤት ውስጥ ፍሬ የለውም፣ የሚሠራው እዚህ ሆስፒታል ሲታሽ ነው፣ ስለዚህ ምች የመታው ሁሉ ቶሎ ይምጣ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ከሮብ ገበያ አፉ የተጣመመ ሁሉ ሳይውል ሳያድር ይመጣል፤ ዳማከሴውን እንደጨበጠ። እኔም ይኸው፣ ድኜ አለሁ።