ጋቢ የሚያስለቅስበት ቤት

ጋቢ የሚፈራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እስከ አምና ድረስ አላየሁም ነበር። ውሻ የሚፈራ አይቻለሁ። መርፌ ሲያይ የሚንቀጠቀጥ ወጠምሻ አይቻለሁ። ጎረቤቴ ያን ሁሉ ቁመት ይዞ ዶሮ ይፈራል። ጋቢ ግን ምን ያደርጋል? ያሞቃል፣ ግርማ ሞገስ ይሰጣል፣ ሲያረጅም የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል። እኛ አምቦዎች ደግሞ ጋቢ መስጠት እንወዳለን። ሴት ልጁን ለዳረ ጋቢ፣ ጡረታ ለወጣ ጋቢ፣ ለተሾመ ጋቢ፣ ለተዛወረም ጋቢ ነው።

ዝውውር ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ላጫውታችሁ። እኔ መምህር ነኝ። የትምህርት ቤታችን የኬሚስትሪ መምህር ወደ አዲስ አበባ ዝውውር ደረሰው ተባለና አዋጥተን ጋቢ ገዛንለት። ንግግሩን ያደረግኩት እኔ ነበርኩ። ተላቀስን፣ ተቃቀፍን፣ ሸኘነው። ሰኞ ጠዋት ጠመኔውን ይዞ ከች አለ። ለካ ዝውውሩ ተሰርዟል። አሁን ይሄን ሰው ምን ብላችሁ ትቀበሉታላችሁ? አንዷ መምህርት ግራ ሲገባት ጊዜ፣ የሄደበት ሳይኖር፣ እንኳን ደህና መጣህ አለችው። ሰውየው እስከ ዛሬ አብሮን ያስተምራል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ሙሉ ለሙሉ እንዳለ ቆጥረነው አናውቅም። ስብሰባ ላይ እጁን ሲያወጣ እንኳ ትንሽ እንደነግጣለን።

እንግዲህ ይህን እያወቅኩ ነው አምና እንደዚያ ክው ያልኩት።

ቤተ ክርስቲያናችን የምታስተዳድረው የሕፃናት ማሳደጊያ አለ፣ እዚሁ አምቦ። ወላጅ የሌላቸው፣ ወላጅም ኖሯቸው ማሳደግ ያቃታቸው ልጆች ያድጉበታል። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ የምስጋና በዓል እናደርጋለን። ዩኒቨርሲቲ የገባ ወይም ሙያ ተምሮ ሥራ ያገኘ ልጅ መድረክ ላይ ይወጣል። ፓስተሩ ይጸልዩለታል፣ ጋቢ ይደረብለታል፣ ይጨበጨብለታል። መድረኩን የምመራው እኔ ነኝ። ማንም አልመረጠኝም፣ ማንም አልከለከለኝም። አንድ ዓመት ሰው ጠፍቶ ማይክ ያዝኩ፣ በዚያው ቀረሁ።

ስለ ራሴ ማውራት አልወድም፤ ግን ልጆቹ ይወዱኛል። ከባጃጅ ጋር መንገድ ስለተጋፋች አህያ በየዓመቱ የምነግራቸው ቀልድ አለኝ። ገና "አንዲት አህያ ነበረች" ከማለቴ ይስቃሉ። መጨረሻውን እንኳ አይጠብቁም። ንግግሬ ረዘም ሲል ደግሞ ከመሃል ያጨበጭቡልኛል። ባለቤቴ፣ ቶሎ እንድትጨርስላቸው ነው ትላለች። እሷ እንዲህ ናት።

አንድ ነገር ግን ነበረች። ፊት አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ትንንሾቹ ልጆች፣ ጋቢው ሲደረብ አያጨበጭቡም። ጭጭ ይላሉ። እግራቸውን ማወዛወዝ ሳይቀር ያቆማሉ። እንግዶቹ ይገረማሉ። እኔም በማይክ፣ የልጆቻችንን ሥነ ሥርዓት አያችሁልኝ እያልኩ አስጨበጭብላቸው ነበር። አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

አምና በዓሉ ሲቃረብ የማሳደጊያው ኃላፊ ኦቦ ገመቹ ቢሮ ጠሩኝ። ልጆቹን ብቻ ስናመሰግን ሠራተኞቻችንን ረሳን፣ ዘንድሮ አዴ ጠጂቱን እንሸልም፣ እስከዚያው እንዳትሰማ አሉኝ። አዴ ጠጂቱ የቤቱ ሞግዚት ናት። ቀስቅሳ፣ አጥባ፣ ፀጉር ሠርታ፣ ትኩሳት የያዘው ልጅ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ያረጀች ሴት ናት። ልጆቹ አዮ ነው የሚሏት፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው።

ይገባታል አልኩ። ምን እንሸልማት? ጋቢ ነዋ፣ ሌላ ምን እናውቃለን። ኦቦ ገመቹ ብዕራቸውን እያገላበጡ፣ "ቲቸር፣ ንግግሩን አደራ። እንዲህ ያለ ዕድል ደግመን ላናገኝ እንችላለን" አሉኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ለምን ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ ንግግሬን ያደነቁልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

የበዓሉ ቀን አዳራሹ በፊኛ አጌጠ፣ ድፎ ዳቦው ተደረደረ፣ ከወረዳም እንግዶች መጡ። መጀመሪያ ሌንሳን ጠራሁ። ሌንሳ ነርስነት ልትማር ዩኒቨርሲቲ የደረሳት ልጅ ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያደገችው እዚያው ነው። ፓስተሩ ጸለዩላት፣ ጋቢው ተደረበላት። ትንንሾቹ እንደ ልማዳቸው ጭጭ አሉ። እኔም እንደ ልማዴ ሥነ ሥርዓታቸውን አመሰገንኩ።

ቀጥዬ፣ አሁን ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር አለን አልኩና ኦቦ ገመቹን ጠቀስኳቸው። አልጠቀሱኝም። ንግግሬን ጀመርኩ። እጥር ምጥን ያለ ነበር፤ ባለቤቴ በኋላ ወጡ ቀዘቀዘ ያለችው ለነገር ነው። በመጨረሻ አዴ ጠጂቱን ስጠራት ሽርጧን እየፈታች፣ እያፈረች ከጓዳ ወጣች። ኦቦ ገመቹ ጋቢውን ዘርግተው ትከሻዋ ላይ አሳረፉት። እኔ "እልል በሉ" ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር።

ቀድማኝ የጮኸችው ሲፈን ናት። ሲፈን ያኔ አንደኛ ክፍል የገባች፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ልጅ ነበረች። "አዮ፣ ሂንዴሚን" አለች፤ አትሂጂ ማለት ነው። ጩኸት ስላችሁ ከረሜላ የተነጠቀ ልጅ ጩኸት እንዳይመስላችሁ። የለቅሶ ቤት ጩኸት ነው። ወዲያው የፊተኛው አግዳሚ በሙሉ ብድግ አለና መድረኩን ወረረው። ሁለቱ እግሯ ላይ ተቀመጡ። አንዱ ጋቢውን በጥርሱ ያዘ። ሲፈን ጎትታ አወለቀችውና ጠቅልላ ቁጭ አለችበት። ማይኩ ከእጄ ወድቆ ያፏጫል። ከእንግዶቹ አንዳንዶቹ እባብ የገባ መስሏቸው ወንበር ላይ ወጡ። ፓስተሩ ደግሞ ክፉ መንፈስ መስሏቸው እጃቸውን ዘርግተው ይገሥጹ ጀመር።

እኔማ የማውቀው ማይክ ማንሳት ብቻ ስለሆነ እሱኑ አነሳሁ። ልጆች፣ ይሄ እኮ የደስታ ነው አልኳቸው። ይብስ ጮኹ።

ይኼኔ ሌንሳ፣ ጋቢዋን እንደደረበች፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ቲቸር፣ እዚህ ቤት ጋቢ የደረበ ሰው በማግስቱ አይገኝም" አለችኝ።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ዛሬ ጋቢ ይለብሳል፣ ነገ ስንነቃ አልጋው ባዶ ነው። የሚሄዱበት መኪና ንጋት ላይ ስለሚነሳና ትንንሾቹ እንዳያለቅሱ ተብሎ፣ ሳይነቁ ነው የሚሸኙት። ማንም ምንም አይነግረንም። እኔም እነሱን ሳክል ጋቢ እፈራ ነበር። ዝም የምንለው ሥነ ሥርዓት ይዞን መሰለዎት እንዴ?"

ለካ ያን ሁሉ ዓመት እኔ እየሳቅኩ ስም ስጠራ፣ እነሱ ደግሞ ዛሬ ማን ሊወሰድብን ነው እያሉ ነበር የሚጠብቁት። ለካ እኔ ለነዚያ ልጆች መርዶ ነጋሪ ነበርኩ፤ ያውም ስለ አህያ የሚቀልድ መርዶ ነጋሪ።

ሰው እንደዚያ ከደነገጠ በኋላ አርፎ ይቀመጣል አይደል? እኔ አላረፍኩም። ማይኩን አፌ ላይ ደቅኜ፣ "ልጆች፣ ስሙኝ። አዮ የትም አትሄድም። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ቃል እገባላችኋለሁ። አይደለም እንዴ ኦቦ ገመቹ?" አልኩ።

ኦቦ ገመቹ ጫማቸውን ያያሉ። ወደ አዴ ጠጂቱ ዞርኩ። ፊቷን በሽርጧ ሸፍናለች።

ነገሩ ኋላ ነው የተነገረኝ፤ ለናንተ ግን አሁኑኑ ልንገራችሁ። የአዴ ጠጂቱ ጉልበት አልታዘዝ ካለ ቆይቷል። አዲስ ዓለም ከተማ ያለች ልጇ ወልዳ፣ እናቴ አጠገቤ ትረፍ ብላ ለምናለች። አዴ ጠጂቱም ሥራዋን ልትለቅ ወስናለች። የልጆቹን ልቅሶ አልችለውም፣ አትንገሯቸው ብላ ኦቦ ገመቹን አስምላቸዋለች። ሻንጣዋ ጓዳ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። እንደሌሎቹ ሁሉ እሷም ልጆቹ ሳይነቁ ልትወጣ ነው። ኦቦ ገመቹ ደግሞ ዝም ብሎ መሸኘት ከብዷቸው፣ በሽልማት ስም መሰናበቻ አዘጋጁላት። እኛ አዋቂዎቹ ስናጨበጭብ እውነቱ የገባቸው ጥርስ ያላበቀሉት ልጆች ነበሩ። እኔ ደግሞ የማላውቀውን ስንብት በንግግር ከፍቼ፣ ስንብት አይደለም ብዬ በፓስተር ፊት ቃል ገባሁ።

ሲፈን ከጋቢው ላይ ሳትነሳ ቀና ብላ አየቻት። "አዮ፣ ነገ ትሄጃለሽ?" አለቻት።

አዴ ጠጂቱ ጉልበቷን ይዛ እንደምንም ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ልትዋሽ ትችል ነበር። እኔ ብሆን እዋሽ ነበር፤ እንዲያውም አሁን ዋሽቼ መጨረሴ ነው። "አዎ ልጄ" አለቻት።

አሁን አዳራሹ ሊፈርስ ነው ብዬ ጆሮዬን ልይዝ ተዘጋጀሁ። ማንም አልጮኸም። ሲፈን ብቻ ቀስ ብላ፣ "ሳንነቃ?" አለች።

መምህር ነኝና ብዙ ጥያቄ ተጠይቄያለሁ። እንደዚያ ያለ ጥያቄ ግን ሰምቼ አላውቅም። ኦቦ ገመቹ መሐረባቸውን ፈለጉ። ፓስተሩ የዘረጉትን እጅ አወረዱ። እኔም አለቀስኩ፤ ማይኩ ስላልተዘጋ ልቅሶዬን ሰፈሩ ሁሉ ሰማው።

አዴ ጠጂቱ ልጅቷን ሳብ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። "አይ፣ እንደዚያስ አላደርግም። ቅዳሜ ነው የምሄደው፣ አዲስ ዓለም፣ ልጄ ጋ። ምሳ አብረን በልተን፣ በጠራራ ፀሐይ። የምትሸኙኝም እናንተው ናችሁ" አለች። አዲስ ዓለም ሩቅ ነው ወይ ብለው ጠየቋት። በሚኒባስ ቅርብ ነው፣ እየመጣሁ አያችኋለሁ አለቻቸው።

ቅዳሜ መናኸሪያውን ብታዩት ጉድ ነበር። አንዱ ሻንጣ፣ አንዱ ፌስታል፣ ሲፈን ደግሞ ጋቢውን ተሸክማ፣ ባጃጁን ሁሉ አስቁመው አጅበዋት ሄዱ። አለቀሱ፤ እንዴት አያለቅሱ። ግን ሚኒባሱ እስኪታጠፍ እጃቸውን እያውለበለቡ ነው ያለቀሱት። ሌንሳንም እንደዚያው አድርገው ሸኟት። ኦቦ ገመቹ እንደነገሩኝ፣ ከምስጋና በዓል በኋላ የትንንሾቹ ፍራሽ ሳይረጥብ ሲያድር ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። አዴ ጠጂቱም ቃሏን አላጠፈችም። ጉልበቷን እያሸች ትመጣለች፣ ጥፍራቸው መቆረጡን አይታ ትመለሳለች።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ አዲስ ደንብ አወጣ። ጋቢ የሚደረብለት ሰው የሚሄድበትን ቀን እዚያው መድረክ ላይ ይናገራል። ሲሄድም በቀን ነው፣ ዕቃውን እስከ በር የሚሸከሙለት ትንንሾቹ ናቸው። እኔም ደንቡን በማይክ ያስተዋወቅኩት በኩራት ነበር።

ዘንድሮ በዓሉ ያማረ ነበር። ልጆቹ ተሸለሙ፣ አዴ ጠጂቱም የልጅ ልጇን አዝላ መጣች። ልዘጋ ስል ኦቦ ገመቹ ማይኩን ከእጄ ወሰዱት። ዘንድሮ ደግሞ ይህን መድረክ ያለ ደመወዝ ለመሩልን ለቲቸር አሉና፣ ሳላስበው ትከሻዬ ላይ ጋቢ አረፈ።

ክው አልኩ። መጀመሪያ የታሰቡኝ ልጆቹ ናቸው። ጌታ ሆይ፣ እነዚህ ልጆች ደግመው ሊደነግጡ ነው አልኩ። እንዳታለቅሱ ልላቸው ፈጥኜ ወደ ፊተኛው አግዳሚ ዞርኩ።

እያጨበጨቡ ነው። ከዳር እስከ ዳር፣ ብድግ ብለው። ያ አግዳሚ ለጋቢ ሲያጨበጭብ በዕድሜዬ ማየቴ ነው። አንዱ እንዲያውም ያፏጫል። እንባ የያዘ ዓይን ፍለጋ አንድ በአንድ አየኋቸው፤ አጣሁ። ባለቤቴን አየኋት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እሷስ አለቀሰችልኝ ብዬ ነበር፤ ለካ እየሳቀች ነው።

"ልጆች፣ እኔ እኮ የትም አልሄድም" አልኳቸው።

ጭብጨባው ቀዘቀዘ። ሲፈን፣ አሁን ጥርሷ በቅሏል፣ በአንድ እጇ ቦርሳዬን፣ በሌላው ጃንጥላዬን ይዛ መድረኩ ላይ ወጣች።

"ቲቸር፣ ባጃጁ በር ላይ ቆሟል" አለችኝ።