ቀን የሚያስቆርጡት ጋሽ ታዴዎስ

ቶሮንቶ ውስጥ ሐበሻ ከሦስት በላይ ሆኖ ከተሰበሰበ አንዱ የሕይወት ግብ አሰልጣኝ ነው። ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር ላለው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን የደረሱት ክቡር ጋሽ ታዴዎስ ናቸው። በአዘቦት ቀን የሕንፃ ማሞቂያ ይጠግናሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ የሥልጠና ክፍል ሰው።

ትምህርታቸው አጭር ነው። ግብ የራስ ይሁን፣ ይለካ፣ ቀን ይኑረው፣ በሰው ፊት ይነገር። ቤት ልገዛ አስቤያለሁ ያለ ሁሉ «ቀኑስ?» ይባላል። እግዚአብሔር ሲፈቅድ ብሎ ሊያመልጥ ከሞከረ፣ «እሱ ፈቅዷል፤ የሚጠብቀው አንተን ነው» ይሉታል። ሠርግ ላይ ኬክ የሚቆርጥ ሙሽራ አስቁመው የአምስት ዓመት ዕቅዱን ጠይቀዋል። እማማ ጸሐይ ግባቸው ልጃቸውን መዳር እንደሆነ ሲናገሩ፣ ይህማ የልጅዎ ግብ ነው ብለው ተከራከሯቸው። እማማ ጸሐይ አልተበገሩም። እሱ ግብ ቢኖረው እኔ እዚህ ምን አስቀመጠኝ አሉ።

ከሰልጣኞቹ አንዷ ራኬብ የምትፈራው ግብ የመናገር ተራዋን ነበር። እሷ ያሰበችውን ሳይፈጸም የማታወራ ሰው ናት። ወደ ካናዳ ስትመጣ እንኳ ጎረቤት የሰማው አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ነው። አሁንም አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄደች የምትንከባከብበት ሥራ አግኝታለች፤ እስከ ወሩ መጨረሻ መንጃ ፈቃድ ካላመጣች ግን ለሌላ ይሰጣል። የመንጃ ፈተናውን ሁለቴ ወድቃለች። ይህን የምታውቀው እኅቷ ፌበን ብቻ ናት።

ተራዋ ሲደርስ ግቧ ጤና እንደሆነ ተናገረች።

«ጤና ስንት ኪሎ ነው?» አሉ ጋሽ ታዴዎስ።

ክፍሉ ሳቀ። እሷም ደንግጣ የመንገድ ፈተናዋን ከነቀኑ ዘከዘከችው። እሑድ ከመድረክ ጸሎት ተያዘላት። ሰኞ ስልኳ ሲጮኽ ዋለ፤ የዘመድ ልጅ የወደቀበትን መታጠፊያ ያልነገራት የለም።

ሐሙስ ጠዋት የፈተናው ጣቢያ ስትደርስ የቅዳሜው ክፍል ሰው በሙሉ በረዶው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ፊት የቆሙት ጋሽ ታዴዎስ ናቸው።

«ብወድቅስ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?» አለቻቸው።

«እኛው እናነሣሻለን። ግቢ፣ ፈታኙ እየጠበቀ ነው።»

ራኬብ እንደዚያ ቀን ተናድዳ አታውቅም። መሪውን የጋሽ ታዴዎስን ኮሌታ እንደያዘች ያህል ጨምድዳ ያዘችው። በንዴቷ መፍራቱን ረሳችው። ሁሌ የምትወድቅበትን መኪና የማቆም ፈተና እንኳ በአንድ ጊዜ ተወጣችው።

ማለፏን ስትነግራቸው እማማ ጸሐይ እልልታውን አቀለጡት፤ ፈታኙ ሳይቀር አጨበጨበ። ጋሽ ታዴዎስ ግን ዞር ብለው ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። ብርዱ ነው አሉ።

ራኬብ ቤት ላድርስዎ ብላ በእኅቷ መኪና ከፊት አስቀመጠቻቸው፤ ፌበን ከኋላ ገባች። «በእምነት ወደፊት!» እያሉ ሰውን ሁሉ ሲገፉ የኖሩት አሰልጣኝ መንገዱ እንደተጀመረ በሩን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ቀስ በይ ልጄ። ቀይ ነው። ኧረ ቀይ ነው።»

መብራቱ ገና ሩቅ ነበር። ራኬብ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቀስ አለች። ቤታቸው ቅርብ ቢሆንም፣ አሁን የመፍራት ተራው የእሳቸው ነውና፣ በሩቁ በኤግሊንተን ዌስት መንገድ በኩል ዞረች።