ቀኖና ያለባቸው ወጣቶች

ገንዘብ ከፍሎ መከራ የሚገዛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ አውቶቡስ ሙሉ አይቻለሁ። ራሳቸውን «ጀብደኞች» ይላሉ። ቅዳሜና እሁድ በደረሰ ቁጥር ቦርሳ አዝለው ሊሰቃዩ ይወጣሉ። አልዋሻችሁም፣ እኔም ከቢሮ ወንበሬ ተነሥቼ ተመዝግቤ ነበር።

ዓባይ ማዶ ለሚኖሩት አክስቴ ለእትዬ ዘውዴ «ጣና ዳር ልናድር ነው» አልኋቸው። መቼም አውቶቡስ ሞልቶ እያጨበጨበ የሚሄድ ወጣት ከገዳም ሌላ ወዴት ይሄዳል? ገዳም መሳለሚያ መስሏቸው ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ የጠበል ጀሪካናቸውን ይዘው አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኔ ተቀመጡ። ይመለሱ ልበል? ማን ደፍሮ!

ወጣቶቹ ታንኳ ሲቀዝፉ ተገልብጠው ከነልብሳቸው ሐይቁ ውስጥ ተነከሩ። እትዬ ዘውዴ አማተቡ። ከሰዓት በኋላ በገመድ ተንጠልጥለው ቋጥኝ ሲወጡ «እንደ ቀደሙት አባቶች!» አሉ። ማታ ሁሉም ደረቅ ዳቦ በልተው፣ አንድ ክፍል ውስጥ በተደራራቢ አልጋ ታጭቀው ሲተኙ ግን የእትዬ ዘውዴ እንባ መጣ።

ሲነጋ የቡድኑን መሪ ጠሩት።

«ልጄ፣ ይኼን ከባድ ቀኖና የሰጧችሁ የንስሐ አባት ማን ናቸው? ኧረ ምን በድላችሁ ነው?»

ይስቃል ብዬ ስጠብቅ፣ ልጁ የተላጠ መዳፉን እያየ ትንሽ አሰበ።

«እማማ፣ ዓመቱን ሙሉ ቢሮ ነው የምንቀመጠው።»

እትዬ ዘውዴ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ ጀሪካናቸውን ከፍተው ሁላችንንም እየረጩ፣

«እግዚአብሔር ይፍታችሁ!» አሉን።

ከሁሉም ቀድሜ «አሜን» ያልሁት እኔ ነበርሁ።